እግር ሲደነዝዝ፦ ካንሰር ይሆን ወይ ብለው ለሚጠይቁ የምርመራ መመሪያ

አጎቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ማታ ከበረንዳ ወደ ሳሎን ሲገባ የግራ ነጠላ ጫማው ደጃፉ ላይ ወልቆ ቀረ። በባዶ እግሩ መሆኑን ያወቀው ልጁ «አባዬ፣ ጫማህስ?» ስትለው ነው። ከዚያ በፊት ለወራት «ብርድ መትቶኝ ነው» ሲል ቆይቷል። ጣቶቹ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለዋል፤ ሌሊት ሌሊት ውስጥ እግሩን ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ያህል ያቃጥለዋል። ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ በየሁለት ሳምንቱ የቫይታሚን መርፌ ይወጋው ነበር። የነርቭ ሐኪም ፊት የቀረበው በአሥራ አንደኛው ወር ነው።

ይህን የምጽፈው ያ አሥራ አንድ ወር በሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው። ሐኪም አይደለሁም። አጎቴን ይዤ ከካርድ ክፍል እስከ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ እስከ ጨረር ክፍል ስመላለስ፣ ሐኪሞችን እየጠየቅኩና እያነበብኩ የተማርኩትን ነው የምነግርዎ። ውጤት ተርጉሞ ሕክምና የሚወስነው ሐኪምዎ ነው።

በመጀመሪያ ልብዎን ያሳርፉ። ሐኪሞች ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ የሚሉት፣ ማለትም ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ያሉ ነርቮች ጉዳት፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ከካንሰር ጋር አይገናኝም። ቀዳሚው ምክንያት የስኳር በሽታ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ መጠጥ፣ የኩላሊት ድካም፣ ኤችአይቪ፣ ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድ፣ በአገራችን ደግሞ እስከ ዛሬ ያልጠፋው የሥጋ ደዌ ይከተላሉ። ካንሰር ከዝርዝሩ ታች ነው። ነገር ግን ካንሰር በሆነባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ድንዛዜው ከዕጢው ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፤ ቀድሞ መምጣቱን ማወቅ ደግሞ ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለ።

ካንሰር ነርቭን በአራት መንገድ ይጎዳል። ዕጢው ራሱ ነርቩን ይጫናል ወይም ሰርጎ ይገባበታል። ወይም ሰውነት ዕጢውን ሊዋጋ የሠራው አንቲቦዲ ነርቩንም ጠላት አድርጎ ያጠቃዋል። ወይም መቅኔ ውስጥ ያለአግባብ የተባዛ የሴል ዘር አንድ ዓይነት ፕሮቲን እያመረተ ነርቩን ያበላሻል። አራተኛው የካንሰር መድኃኒቱ ነው። እያንዳንዱ የሚታየው በተለያየ ምርመራ ስለሆነ «ሙሉ ምርመራ ይደረግልኝ» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ የትኛው ምርመራ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ አውቆ መሄድ ይሻላል።

ከቤት ሳይወጡ

አንድ ወረቀት ይያዙና መጀመሪያ ጊዜውን ይጻፉ። ቀኑን ባያስታውሱት «ለፋሲካ አልነበረም፣ ለቡሄ ግን ጀምሮኛል» ቢሉ ለሐኪሙ ይበቃዋል። የስኳር ኒውሮፓቲ አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት የሚያዘግም ነው። በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ከጣት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ እጅ የሚሮጥ ድንዛዜ ግን ሐኪሙን በሌላ መንገድ እንዲያስብ ያስገድደዋል።

ቀጥለው ቦታውን ይጻፉ። ከሁለቱም እግር ጣቶች እኩል ተነስቶ እንደ ካልሲ ወደ ላይ የሚወጣ ነው? ወይስ ከአንድ ጎን ነው የጀመረው? እጅ ከእግር እኩል ወይም ቀድሞ ከደነዘዘ፣ ፊትን ወይም ደረትን ከነካ፣ ይጻፉት። ከትከሻ ተነስቶ በክንድ ውስጠኛ ጎን እስከ ትንሿ ጣት የሚወርድ ሕመም፣ በተለይ በዚያው ጎን የዓይን ቆብ ወደቅ ካለ፣ በሳንባ ጫፍ ላይ ያለ ዕጢ ሊሆን ይችላል። የጥርስ ችግር ሳይኖር አገጭና የታችኛው ከንፈር ቢደነዝዝም ቀላል አድርገው አይዩት፤ የጡት ካንሰርና ሊምፎማ አንዳንዴ ራሳቸውን በዚህች ትንሽ ምልክት ይገልጣሉ።

የሚጠቀሙበትን ቃል ይምረጡ። እኛ «እግሬ ከዳኝ» የምንለው ለሁለት ነገር ነው፦ ስሜት ሲጠፋም፣ ጉልበት ሲያንስም። ለሐኪሙ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሲነኩት የማይሰማዎት ከሆነ «ደንዝዟል»፣ ደረጃ መውጣት ወይም ከበርጩማ መነሳት ካቃተዎት «ዝሏል፣ አቅም አጥቷል» ይበሉ። በአስተርጓሚ የሚታከሙ ከሆነ ይህን አስቀድመው ለአስተርጓሚው ያስረዱ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ ልጅዎን ለዚህ ሥራ ባያስቀምጡት ይመረጣል። በእስራኤል ላሉት ደግሞ፣ ሆስፒታል ውስጥ ለሚታዘዝ ምርመራ ከኩፓት ሆሊም የሚሰጠው ጦፌስ 17 የተባለው የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ ቀኑ እንዳያልፍበት ይከታተሉ።

ከዚያ ሌላውን ሰውነትዎን ይመልከቱ። ሳያስቡት ክብደት ቀንሰዋል? ሚዛን ከሌለ ቀበቶ ይመሰክራል። አጎቴ በቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቶ ነበር፤ አብረነው እየበላን ማናችንም ልብ አላልነውም። አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ የማይለቅ ሳል፣ በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ንፍፊት፣ የአጥንት ሕመም፣ የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ የቆዳ መጥቆር፣ ሲነሱ ማዞር፣ አዲስ የመጣ ከባድ ድርቀት፦ ያለውን ሁሉ ይጻፉ። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ቫይታሚንና የባህል መድኃኒት፣ የሲጋራዎን ዓመታት፣ መጠጡን፣ እንዴት እንደሚጾሙ ሳይቀር ያካትቱ። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ የጾሙ ነገር ለሐኪሙ ቁም ነገር ነው። ለስኳር የሚወሰደው ሜትፎርሚንም በጊዜ ብዛት ቢ12ን ያወርዳል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። ድንዛዜው ከጀርባ ሕመምና ከእግር መዛል ጋር ከመጣ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ የመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም መዛሉ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ትንፋሽ ካሳጠረ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ትተው በዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ዕጢ ኅብለ ሰረሰርን ሲጫን በሰዓታት ልዩነት ሰው መራመዱን ሊያጣ ይችላል።

ካልሲዎን ያውልቁ

የመጀመሪያው ምርመራ የጎማ መዶሻ፣ ጥጥ፣ መርፌና እንደ ሹካ ባለ ሁለት ጣት ብረት ነው። ያ ብረት ቱኒንግ ፎርክ ይባላል። ሐኪሟ መታ አድርጋ አጎቴ አውራ ጣት ላይ አቆመችውና «ንዝረቱ ሲያቆም ንገሩኝ» አለችው። አጎቴ ዝም አለ። ብረቱ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እኔ ከሦስት እርምጃ ርቀት ድምፁ ይሰማኛል። ጥቂት ቆይቶ «ጀመርሽ እንዴ?» አላት። ከዚያ እግሩን ገጥሞ እንዲቆምና ዓይኑን እንዲጨፍን አደረገችው፤ ወዲያው ተንገዳገደ። ቤተ ክርስቲያን ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ዓምዱን ተደግፎ የሚቆመው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ይህ ምርመራ መሣሪያው ርካሽ ቢሆንም ቀሪውን መንገድ የሚመራው እሱ ነው። ጉዳቱ በስሜት ነርቭ ነው ወይስ በጡንቻ ነርቭ፣ በሁለቱም ጎን እኩል ነው ወይስ አይደለም የሚለው እዚህ ይለያል። ጥሩ ሐኪም ንፍፊትን፣ ጡትን፣ ሆድንም ይዳስሳል። ክርን ላይ ወፍሮ የሚዳሰስ ነርቭ፣ ቆዳ ላይም ነጣ ያለ ስሜት የሌለው ቦታ ከተገኘ ጥያቄው ወደ ሥጋ ደዌ ይዞራል፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታልም የታወቀው በዚህ ሕክምና ነው። ካልሲዎን ሳያስወልቅ ኤምአርአይ የሚያዝ ሐኪም ቢገጥምዎ «እባክዎ መጀመሪያ እግሬን ይዩልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

መርፌ ከመወጋትዎ በፊት ደም ይስጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በአገራችን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እግሩ የደነዘዘ ሰው ፋርማሲ ይሄድና ቢ1፣ ቢ6ና ቢ12 የተቀላቀሉበት መርፌ ወይም እንክብል ይጀምራል። በኋላ ደሙ ሲመረመር ቢ12 ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ቀድሞ ጎድሎት ይሁን አይሁን የሚታወቅበት መንገድ ይደበዝዛል። ይባስ ብሎ ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ የስሜት ነርቭን ይጎዳል፤ የሚያመጣው መንገዳገድም ከካንሰር ጋር ከሚመጣው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ቢቻል መጀመሪያ ደም ይስጡ፤ ከጀመሩም የሚወስዱትን መጠን ለሐኪሙ ይንገሩ። አይሶናያዚድ ለሚወስድ የቲቢ ሕመምተኛ በሐኪም የታዘዘው ቢ6 ግን ነርቭ መከላከያ ነውና በራስዎ አያቋርጡት።

የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ ከእግር ጣት ለሚጀምር ድንዛዜ ብዙ ምክንያት የሚያወጡት የደም ምርመራዎች ሦስት ናቸው ብሏል፦ ስኳር፣ ቢ12ና የደም ፕሮቲን ኢሚውኖፊክሴሽን። የደም ቆጠራ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ታይሮይድና ኤችአይቪ ብዙ ጊዜ አብረው ይታዘዛሉ። ስኳርና ቢ12 ሁሉም ያስታውሳቸዋል። ሦስተኛው ነው የሚረሳው፤ መቅኔ ውስጥ የተደበቀውን የሚያወጣው ግን እሱ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ላቦራቶሪው በደምዎ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል ይለያያቸዋል፤ ይህ ኤሌክትሮፎሬሲስ ይባላል። በጤነኛ ሰው ወረቀት ላይ የመጨረሻው ክፍል እንደ ጉብታ ሰፋና ዝቅ ያለ ነው። አንድ የሴል ዘር ብቻውን ከተባዛ ግን እንደ ጎጆ ጉልላት ሹል ሆኖ ብቅ ይላል። ሹሉ ትንሽ ሲሆን ኤሌክትሮፎሬሲስ ብቻውን ሊስተው ይችላል፤ ኢሚውኖፊክሴሽን ይይዘዋል። ፍሪ ላይት ቼይን የሚባለው ሦስተኛ ምርመራ ሌሎቹ ያለፉትን ያገኛል። የአጎቴ የመጀመሪያ ወረቀት «ችግር የለም» ነበር ያለው። ሐኪሟ አላመነችም፤ ኢሚውኖፊክሴሽን ጨምራ አዘዘች፣ ቀጭን መስመር ወጣ። ስለዚህ ሲታዘዝልዎ ሦስቱም መኖራቸውን በስማቸው ይጠይቁ። በአቅራቢያዎ የማይሠራ ከሆነ ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚልኩ የግል ላቦራቶሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ ዋጋውንና ውጤቱ የሚመጣበትን ቀን ደም ከመስጠትዎ በፊት ያጣሩ።

ሹሉ ቢገኝስ? ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች 3 በመቶ ያህሉ ይህ ፕሮቲን አለባቸው፤ ወደ መልቲፕል ማየሎማ ወይም ወደ ተመሳሳይ በሽታ የሚሻገረው በዓመት ከመቶው አንዱ ገደማ ነው። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ፕሮቲኑ ሁለት ሦስት እጥፍ በዝቶ ይታያል፤ ለእኛ ምርመራው እንዳይዘለል ከምልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የደም ሐኪም ሥራ ነው፦ ካልሲየም፣ የሽንት ፕሮቲን፣ የአጥንት ምስል፣ አስፈላጊ ሲሆን ከዳሌ አጥንት መቅኔ መውሰድ።

ሁለት በሽታዎችን ለብቻ ልጥቀስ። አንዱ አሚሎይዶሲስ ነው፤ የሁለቱም እጅ መዳፍ ሕመም፣ ሲነሱ ማዞር፣ የምላስ ማበጥ፣ አረፋ የሚያወጣ ሽንት ከድንዛዜ ጋር ሲገናኙ ይጠረጠራል። ከእምብርት አካባቢ ከቆዳ ሥር ጥቂት ስብ ተወስዶ ኮንጎ ሬድ በሚባል ቀለም ይመረመራል። ሌላው ፖኤምስ የሚባለው ነው። እግር ይደነዝዛል፣ ይዝላል፣ ያብጣል፣ ቆዳ ይጠቁራል፤ ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይታለፋል። አጎቴ ላይ የተገኘው ይህ ነው። ሲቲ ስካን ዳሌው ላይ አንዲት የጠጠረች ነጭ ነጥብ አሳየ፤ መቅኔው ንጹሕ ስለነበር እዚያችው ላይ ጨረር ተደረገለት። «ብርድ» ስንለው የኖርነው በሽታ አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ፣ የሚታከም በሽታ ነበር።

የነርቭ ፍጥነት ምርመራ

ነርቭ በትንንሽ የኤሌክትሪክ ምት ተነክቶ መልእክት የሚያስተላልፍበት ፍጥነትና ኃይል ይለካል፤ አንዳንዴ ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ያሳምማል፣ ግን የሚቻል ነው። በዚያ ቀን ቅባት ወይም ቫዝሊን አይቀቡ፤ እጅና እግርዎን አሙቀው ይግቡ፣ የቀዘቀዘ ነርቭ ስለሚዘገይ ውጤቱን ያሳስታል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ከተገጠመልዎ አስቀድመው ይናገሩ።

ይህ ምርመራ «ካንሰር አለ» ወይም «የለም» አይልም። የሚለየው የነርቩ ገመድ ራሱ ነው የተጎዳው ወይስ ልባሱ ነው የሚለውን ነው። ልባሱ ከተጎዳ ከላይ ያልኩት የፕሮቲን ምርመራ የግድ ይሆናል። የስሜት ነርቮች ብቻ እዚህም እዚያም ያለ ሥርዓት ከጠፉ ደግሞ ቀጣዩ ክፍል ይመለከትዎታል።

ዕጢ ፍለጋ

ደኒ ብራውን የተባለ የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ስሜታቸውን አጥተው መንገዳገድ የያዛቸውን ሁለት የካንሰር ሕመምተኞች ጉዳይ ጽፎ ነበር። ከእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ጋር የሚያያዘው፣ ዛሬ አንቲ ሁ የሚባለው አንቲቦዲ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። አንቲ ሁ ከተገኘ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ስሞል ሴል የሚባለው የሳንባ ካንሰር ነው፤ ሰውየው ባያስልም፣ ዕጢው በራጅ ባይታይም።

ይህ የአንቲቦዲ ምርመራ ለሁሉም አይደለም። በፍጥነት ለሚብስ፣ ለሚያሳምም፣ ጎን ለሚለይ፣ ዓይን ሲጨፈን ለሚያንገዳግድ ሕመም ነው። ያለ ምልክት ቢታዘዝ በስህተት «አለ» ሊል ይችላል፤ «የለም» ቢልም ካንሰርን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። ከወገብ የሚወሰደው ፈሳሽም ሊታዘዝ ይችላል፤ ውስጡ የካንሰር ሴል ወይም የመቆጣት ምልክት ይፈለግበታል።

ከምስሎች የሚጀመረው በደረት፣ በሆድና በዳሌ ሲቲ ስካን ነው። የደረት ራጅ ብቻውን አይበቃም። ለሴቶች የጡት ማሞግራፊና የማኅፀን አካባቢ አልትራሳውንድ ይጨመራል። ሲቲው ንጹሕ ሆኖ ጥርጣሬው ከጸና ፔት ስካን ይከተላል፤ በሚገኝበት አገር ላሉት ማለቴ ነው። ለሲቲ ኮንትራስት ከመወጋትዎ በፊት የኩላሊት ውጤትዎ መታየቱን ያረጋግጡ። ሲኢኤ፣ ሲኤ 125 የሚባሉትን የዕጢ ጠቋሚዎች «ለማንኛውም» ብሎ ማስመርመር አልመክርም፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለ ካንሰርም ይመጣል፣ ዝቅ ያለ ቁጥርም ካንሰር እያለ ይታያል።

ናሙና ሊወሰድ ሲታሰብ

ንፍፊት፣ አጥንት ወይም ነርቭ ላይ ባዮፕሲ ከታሰበ አንድ ነገር በብርቱ አስጠነቅቃለሁ። ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን የመሳሰሉትን ስቴሮይዶች ሕመም ለማስታገስ ብለው በራስዎ አይጀምሩ። ሊምፎማ በስቴሮይድ ለጊዜው ሟሽሾ ከናሙናው ውስጥ ይጠፋል፤ ሰውየውም የተሻለው መስሎት ወራት ያልፋሉ። ከወሰዱ ደግሞ አይደብቁ፤ መቼ፣ ስንት እንደወሰዱ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቀድሞ ካንሰር ታክመው ከነበረ

ቪንክሪስቲን፣ ሲስፕላቲን፣ ፓክሊታክሰል፣ ኦክሳሊፕላቲን፣ ቦርቴዞሚብ ነርቭ እንደሚጎዱ የታወቁ ናቸው። የሲስፕላቲን ጉዳት መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለወራት ሊብስ ይችላል፤ ስለዚህ አዲስ ድንዛዜ ሁሉ «ተመለሰብኝ» ማለት አይደለም። የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት ዙር እንደወሰዱና የመጨረሻውን ቀን ይያዙ። ጡት ላይ ጨረር ተደርጎላት በዚያው ጎን ክንዷ የሚደነዝዝ ሴት ሕመሙ ከባድ ከሆነ የዕጢው መመለስ ይጠረጠራል፤ ሕመም የሌለው መዛልና መደንዘዝ ብዙውን ጊዜ የጨረሩ ጠባሳ ነው። ሁለቱን ለመለየት ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ምንም ባይገኝ

በደንብ ተመርምረውም ምክንያቱ የማይገኝላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከአራት አንዱ ገደማ ይሆናሉ። ድንዛዜው በዝግታ የሚሄድና ሌላ ምልክት የሌለው ከሆነ ይህ ክፉ ዜና አይደለም። ምልክቱና አንቲቦዲው ወደ ካንሰር የሚያመለክቱ ሆነው ዕጢ ካልታየ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ፍለጋው በየ4 እስከ 6 ወሩ ለ2 ዓመት እንዲደገም ይላል። ዕጢው ገና የማይታይ ትንሽ ሊሆን ይችላልና የመጀመሪያው ንጹሕ ሲቲ መዝጊያ አይደለም። ይህን ቀጠሮ ሰው የሚረሳው ደህና በሆነበት ሰሞን ነው።

ውጤቶችዎን ሁሉ፣ ፊልሙን፣ ሲዲውን፣ የላቦራቶሪ ወረቀቱን፣ በአንድ ዶሴ በቀን ቅደም ተከተል ይያዙ። አጎቴ ከጨረሩ በኋላ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ከዘራውን አስቀመጠ፤ ነርቭ የሚያገግመው በዝግታ ነው። እግርዎ ከደነዘዘ ዛሬ ማታ ካልሲዎን አውልቀው፣ መብራት አብርተው፣ ሁለቱንም እግርዎን በእጅዎ እየነኩ ያመሳክሩ፤ የሚሰማዎትንና የማይሰማዎትን ቦታ በወረቀቱ ላይ ጽፈው ይዘው ይሂዱ።